ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ

በኩባ የወጣቶች ደሴት ያደጉ ልጆችና የእናቶቻቸው ስንቅ

እናት ልጇን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ስትልክ ሁለት ስሜቶች በአንድ ጊዜ ይይዟታል። አንደኛው ልጄ ተምሮ ሰው ይሆንልኛል የሚለው ተስፋ ነው። ሁለተኛው ሲታመም ማን ያስታምመዋል፣ ሲከፋው ማን ያባብለዋል የሚለው ሥጋት ነው። ተስፋውን ለጎረቤት ታወራዋለች፤ ሥጋቱን ግን በሆዷ ይዛ ትከርማለች።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ የምንመለከተው ብዙ የአገራችን ታዳጊዎች ለትምህርት ውቅያኖስ ተሻግረው የኖሩበትን አንድ አጋጣሚ ምሳሌ በማድረግ ነው። እርሱም ከ1971 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወደ ኩባ የተላኩትና የወጣቶች ደሴት በምትባለው ምድር ያደጉት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኑሮ ነው። ያን ጊዜ አብዛኞቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ አምሳና ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ልጆች ያሳደጉ፣ አንዳንዶቹም የልጅ ልጅ ያዩ ጎልማሶች ናቸው።

ከእነርሱ ኑሮ የምናገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ምግብ፣ መጠለያና ትምህርት ሌላ አገርና ሌላ ሕዝብ ሊሰጥ ይችላል። ልጁን ከቤቱ ጋር አስሮ የሚያቆየውን ገመድ ግን ከገዛ ቤተሰቡ በስተቀር የሚፈትልለት የለም። ያም ገመድ በእናትና በልጅ መካከል የሚመላለሰው እውነተኛ ቃል ነው።

ልጆቹ ለምን ሄዱ?

እንደሚታወቀው በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር የአገራችንን ምሥራቃዊ ክፍል በወረረ ጊዜ ብዙ አባወራዎች፣ ወታደሮችና የሚሊሺያ አባላት ወደ ግንባር ዘምተዋል። ኩባም በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮቿን ልካ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፋለች። ጅጅጋ ነፃ የወጣችበት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ቀን ሆኖ እስከ ዛሬ ይታሰባል። በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው፣ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በዚያ ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው።

ሐውልት ለሞቱት ይቆማል። በሕይወት የቀሩትን ግን ማሳደግ ያስፈልጋል። ጦርነቱ ሲያበቃ አባታቸውን ያጡ ብዙ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር፣ አንዳንዶቹም ያለ እናትና ያለ አባት ቀሩ። ኩባ ከእነዚህ ልጆች መካከል ብዙዎቹን ተቀብላ ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነች። የምግባቸውን፣ የልብሳቸውን፣ የሕክምናቸውንና የትምህርታቸውን ወጪ የቻለችው አስተናጋጇ አገር ነበረች።

ባሏን በጦርነት ያጣች፣ ቋሚ ገቢ የሌላት እናት በዚያ ሰዓት ምን ልትል ትችላለች? ልጇ ሦስት ጊዜ እንደሚበላ፣ ጫማ እንደሚጫማና እንደሚማር ሰምታ አይሄድም ለማለት አቅም አልነበራትም። ይሂድ ብላ ከፈቀደች በኋላ ደግሞ ኩባ የት እንደሆነች፣ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ ልጇ በስንት ዓመቱ እንደሚመለስ በውል የሚያስረዳት ሁሉ ጊዜ አይገኝም። የሰጠችው ፈቃድ ከድካሟም ከፍቅሯም የመጣ ነበር። ስለዚህ የእነዚያን እናቶች ውሳኔ ዛሬ ላይ ሆኖ መመዘን ለማንም ቀላል አይደለም።

ስሟ የተለወጠ ደሴት

የወጣቶች ደሴት ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ የምትገኝ ስትሆን ስፋቷ 2,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋና ከተማዋ ኑዌቫ ሄሮና ትባላለች። የቀድሞ ስሟ የጥድ ደሴት ነበር። በሰኔ 1958 ዓ.ም. አልማ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከመታ በኋላ ከልዩ ልዩ የኩባ ክፍሎች የመጡ ወጣቶች እየሰፈሩ የሎሚና የብርቱካን ዝርያ እርሻዎችን አስፋፉ፤ ትምህርት ቤቶችም ተሠሩ። በሐምሌ 1970 ዓ.ም. የወጣቶች ደሴት የሚለው ስም በይፋ ተሰጣት።

ይሁን እንጂ ይህች ደሴት ከዚያ ቀደም የምትታወቀው በእስር ቤት ነበር። ፊደል ካስትሮም ከ1946 እስከ 1947 ዓ.ም. የታሰሩት በዚሁ ነው። ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ በ1863 ዓ.ም. የኩባ ሕዝብ እንደ አባት የሚያየው ገጣሚና ታጋይ ሆሴ ማርቲ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ወደዚህች ደሴት ተግዞ ነበር። ማርቲ በስፔን ቅኝ ገዥዎች ተፈርዶበት በድንጋይ ካባ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ሲሠራ እግሩ ቆስሎ ነበር። ቤተሰቡ ደጅ ጠንቶ ቅጣቱ እንዲቀልለት በመደረጉ በደሴቲቱ በሚገኝ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ለሁለት ወር ያህል ተቀምጦ አገገመ። ወደ ደሴቲቱ ከመዛወሩ በፊት ከእስር ቤት ለእናቱ ሰንሰለቱ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ልኮላት ነበር። በዚያ ዕድሜው የደረሰበትን ከእናቱ አልሸሸገም። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ግማሽ ቀን ቀለም፣ ግማሽ ቀን እርሻ

በደሴቲቱ የነበሩት ትምህርት ቤቶች የተሠሩት በእርሻው መካከል ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎች፣ የመኝታ ቤቶች፣ የመመገቢያ አዳራሽና የስፖርት ሜዳ ያሉት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 600 ተማሪዎችን ይይዝ ነበር። ተማሪዎቹ በሁለት ፈረቃ ይከፈላሉ። አንዱ ፈረቃ ጠዋት ሲማር ሌላው እርሻ ላይ ይውላል፤ ከምሳ በኋላ ይለዋወጣሉ። ትምህርትንና ሥራን ማጣመር የሚለው ሐሳብ የኩባ የትምህርት መመሪያ ነበር።

የእርሻው ዋና ሰብል ኩባውያን ቶሮንሃ የሚሉት፣ ከብርቱካን የሚተልቀውና መረር ኮምጠጥ የሚለው ግሬፕ ፍሩት ነው። ልጆቹ ያርማሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ይሸከማሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለውን ተረታችንን እነዚህ ልጆች በእጃቸው አውቀውታል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ይበረታል፤ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። ከደጋ ለመጣ ልጅ ይህ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

በደሴቲቱ የነበሩት እንግዶች የእኛ ልጆች ብቻ አልነበሩም። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ፣ የኮንጎና የሌሎችም አገሮች ልጆች በየራሳቸው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ከናሚቢያውያኑ መካከል በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. በአንጎላ ካሲንጋ በተባለው የስደተኞች ሠፈር ላይ ከደረሰው የደቡብ አፍሪካ ጦር ጥቃት የተረፉ ልጆች ነበሩበት። ስለሆነም አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ በስፖርት ሜዳ ላይ የሚገጥመው ተጋጣሚ እንደ እርሱው ጦርነት ቤቱን ያፈረሰበት ልጅ ሊሆን ይችል ነበር።

ሒሳቡንና ሳይንሱን ኩባውያን መምህራን በስፓኒሽ ቋንቋ ያስተምራሉ። ከየአገሩ አብረው የሄዱ መምህራን ደግሞ የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። በዚህም መሠረት ለኢትዮጵያውያኑ ልጆች አማርኛ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጥ ነበር። ይህ አሠራር ብልህነት ነበረበት። ባይሆን ኖሮ ከብዙ ዓመት በኋላ ለእናታቸው የሚጽፉበት ፊደል እንኳ ባልቀራቸው ነበር። ሆኖም ከቤቱ የወጣው ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ እየተናገረ ለነበረ ልጅ አማርኛው የመንግሥቱ ትምህርት ነው እንጂ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። እርሱ የእናቱን ቋንቋ የሚያቆየው የሚያወራው ጓደኛ ካገኘ ብቻ ነው።

ምግቡን በተመለከተ በኩባ የዘወትሩ ማዕድ ሩዝና ቦሎቄ ነው። ካሳቫ፣ የጎደሬ ዘመድ የሆነው ማላንጋ፣ ተቀቅሎም ተጠብሶም የሚበላው ፕላታኖ የሚባል የሙዝ ዓይነት ይታከልበታል። ጤፍ የለም፤ በርበሬ የለም፤ ምግቡም የሚያቃጥል አይደለም። ኩባውያን ለበዓል የሚያቀርቡት ክብር ያለው ሥጋ የአሳማ ሥጋ ነው። ይህም ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ልጃችን እኩል እንግዳ ነገር ነው። በእኛ አገር ልጅ አልበላም ሲል በሞቴ፣ አፈር ስሆን ተብሎ ይለመናል። በ600 ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ግን አልበላም ያለ ልጅ ሳይበላ ይነሣል። ብዙ ልጆች መብላትን እንደ አዲስ የሚማሩት እንዲህ ነው።

የእናትሽ ስም ማነው?

በኩባ እንደ ሌሎቹ የስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የአንድ ሰው ሙሉ ስም የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይይዛል። በእኛ አገር ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ የእናት ስም በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው በጥቂት ቦታ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ በክሊኒክም ሆነ በመዝገብ ቤት ደጋግሞ የሚጠየቀው የእናትህ ስም ማነው የሚል ጥያቄ ነው። እናቱ በሕይወት ላለች ልጅ ይህ ጥያቄ ናፍቆት ይቀሰቅሳል። እናቱን ላጣ ልጅ ደግሞ ቁስል ይነካል። ያም ሆነ ይህ በአገሩ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው የእናት ስም በባዕድ አገር ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የልጆቹ የራሳቸው ስምም ይለወጣል። ስፓኒሽ ቋንቋ የእኛን ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጸ የመሳሰሉ ድምፆች አያውቅም፤ ዘ እና ሸም የሉትም። ጥላዬ ቲላዬ፣ ዘነበች ሴኔቤች፣ ቀለሟ ኬሌማ እየተባለች ብትጠራ የሚገርም አይደለም። ልጅ ደግሞ ነገር ቶሎ ይለምዳል። መጀመሪያ ያርማቸዋል፤ ከዚያ ይስቃል፤ በመጨረሻ በዚያው ስም አቤት ይላል። ስሙን እንደ እናቱ አድርጎ የሚጠራው ሰው በአጠገቡ ከሌለ ዓመታት ሲያልፉ ትክክለኛው አጠራር ለራሱም ጆሮ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል።

ታላቅ እኅት እንደ እናት

በዚህ ዓምድ ሳናነሣው ልናልፍ የማይገባን የልጃገረዶቹ ጉዳይ ነው። የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ ሆና ከቤት የወጣች ልጃገረድ ወደ ሴትነት የምትሸጋገረው እዚያው አዳሪ ቤት ውስጥ ነው። የወር አበባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታይ እናቷ የለችም፤ አክስቷም የለችም። የኩባ ትምህርት ቤት ነርስ ልትረዳት ትችላለች፤ ነገር ግን ልጅቱ ጉዳዩን የምትገልጽበት የስፓኒሽ ቃል ገና አታውቅ ይሆናል። ብታውቀውም ስለዚህ ነገር በቤቷ ጮክ ብሎ ሲወራ ሰምታ አታውቅምና ታፍራለች።

እንዲህ ባለ አዳሪ ቤት ውስጥ ታላላቆቹ ለታናናሾቹ እናት መሆናቸው የማይቀር ነው። የ15 ዓመቷ ለ11 ዓመቷ ታስረዳታለች፤ ልብሷን ማጠብ ታሳያታለች፤ ፀጉሯን ሹሩባ ትሠራላታለች። ማታ መብራት ጠፍቶ አንዲቱ ስታለቅስ ከጎኗ ያለችው አልጋ ላይ ትመጣላታለች። ይህ ሥራ በየትኛውም የትምህርት መርሐ ግብር ላይ አልተጻፈም፤ ደመወዝም፣ የምስክር ወረቀትም የለውም። ይሁን እንጂ ያለ እርሱ ትምህርቱም ባልተሳካ ነበር። ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ የሌላ ልጅ እናት የሆነችው የ15 ዓመቷ ልጅ ግን እርሷን ማን ያባብላት ነበር? ይህንን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደብዳቤው

በዚያን ጊዜ በአብዛኞቹ እናቶች ቤት ስልክ አልነበረም። በኢትዮጵያና በኩባ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። አዲስ አበባ ላይ እናት ከሰዓት በኋላ ቡናዋን ስታፈላ ልጇ ገና ከእንቅልፉ ይነሣል። ልጁ ለእራት ሲሰለፍ እናት እኩለ ሌሊትን አልፋ ተኝታለች። የቀረው መገናኛ ደብዳቤ ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ ወስዶ የሚደርስ በመሆኑ እናት ልጇ መታመሙን ስታነብ ልጁ ድኖ ኳስ እየተጫወተ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ወደ ኩባ በሄዱበት ዘመን ማለት ነው። በየቀበሌው ከሥራ በኋላ ደብተር ይዘው ፊደል የቆጠሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ፊደል ያልቆጠረች እናት የልጇን ደብዳቤ በጎረቤት ልጅ ታስነብባለች፤ መልሱንም በሌላ ሰው እጅ ታስጽፋለች። በሌላ ሰው ፊት ደግሞ የልቧን አትናገርም። ፊደል የቆጠረችው እናት ግን ብትዘገይም፣ ፊደሏ ቢጣመምም፣ በራሷ እጅ ትጽፋለች። ለአንዲት እናት ማንበብና መጻፍ ምን እንደሚጠቅማት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሆኖም የደብዳቤ አጻጻፍ ልማዳችን ራሱ አንድ ችግር ነበረበት። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ እያልን እንጀምራለን። ከዚያ የዘመድ አዝማዱን ሰላምታ እንዘረዝራለን። ሰላምታው ሲያልቅ ወረቀቱም ያልቃል። ልጁም በተማረው ልማድ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብሎ ይመልሳል። እናት ቤት ኪራይ አቅቷት ይሆናል፤ ልጅ ታሞ፣ በፈተና ወድቆ፣ ከጓደኛው ተጣልቶ ይሆናል። ሁለቱም እንዳይጨነቁ ሲሉ ይተዛዘኑና ይደባበቃሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በደርዘን የሚቆጠር ደብዳቤ በሳጥን ውስጥ አለ፤ እናትና ልጅ ግን ስለ እርስ በርሳቸው የሚያውቁት ነገር ጥቂት ነው። ከላይ የጠቀስነው ማርቲ ሰንሰለቱን ለእናቱ ማሳየቱን ልብ እንበለው ያልነው ለዚህ ነው። እናቱ አዝናለች፤ ነገር ግን ልጇ ያለበትን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ቤተሰቡ ደጅ ጠንቶለታል።

ያልተነገረ መርዶ

ከሁሉም የሚከብደው የሞት ወሬ ነው። በእኛ ባህል መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይነገረዋል፤ የሚያቅፈው ሰው በአጠገቡ ይኖራል። ይህ ልማድ ጥበብ አለው። ሰው ብቻውን እንዳይሰበር የሚያደርግ ነው። በውጭ አገር ያለ ልጅ ግን የሚያቅፈው ዘመድ ስለሌለው ብዙ ቤተሰቦች ትምህርቱን ጨርሶ እስኪመጣ አንነግረውም ብለው ይወስናሉ።

ወደ ኩባ የሄዱት ልጆች የተለዩት ለአንድ ዓመት አልነበረም። ብዙዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤትና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስላለፉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ አሉ። በእነዚያ ዓመታት በአገራችን ጦርነት ነበረ፤ በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀ ረሃብም ነበረ። ስለዚህ ደብዳቤ ድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም የአያት ስም ከሰላምታው ዝርዝር ውስጥ ሲጠፋ፣ ልጅ ይጠረጥራል። ጠይቆም መልስ ሲያጣ ሁሉንም መጠርጠር ይጀምራል። የሞተውን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለውንም በልቡ ያለቅሳል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ስጦታ ይዞ የመጣ ልጅ በር ላይ እማማስ የት አሉ ብሎ ሲጠይቅ ቤቱ በለቅሶ ቢሞላ ያ ሐዘን ሁለት ሐዘን ነው። አንደኛው የሟቹ ነው፤ ሁለተኛው ዘመዶቼ ይህን ሁሉ ዘመን ደብቀውኝ ኖረዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ አይሽርም። መርዶን በዘመድ መካከል የመንገር ልማዳችን መልካም ነው። ልጁ ባለበት አገር ግን ዘመድ የሚሆነውን ሰው አስቀድሞ መፈለግ ይገባል እንጂ ዝምታ መፍትሔ አይሆንም።

መመለስ ከመሄድ ይከብዳል

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ልጆቹን የላከው መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሶቪየት ኅብረት ወደ መፍረስ ደርሳ በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ከነስሟ ጠፋች። ከእርሷ ጋር በንግድ የተሳሰረችው ኩባም ልዩ ወቅት ብላ በሰየመችው ከባድ ችግር ውስጥ ገባች። ነዳጅና ምግብ እጥረት ሆነ። የደሴቲቱ የውጭ ተማሪዎች ትምህርት ቤቶችም በኋላ ዓመታት እየተዳከሙ ተዘጉ። ከኢትዮጵያውያኑ ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ መምህርና ቴክኒሻን ሆነው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተዋል፤ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ አገር ሄደዋል።

የተመለሱት የገጠማቸው ችግር ቀላል አይደለም። በስፓኒሽ የተማረ ሐኪም በአገሩ ሆስፒታል የሕመምተኛውን ታሪክ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት። በቤት ውስጥ ደግሞ የኩባ ሰዎች በአብዛኛው አንተና አንቺ መባባል ስለሚቀናቸው፣ ከልጅነቱ እዚያ ያደገ ወጣት እርስዎ ወይም አንቱ ማለትን ይስታል። አጎቱን አንተ ቢል ሰዋስው ጠፍቶት ነው። ቤተሰቡ ግን ባለጌ ሆኖ መጣ ይላል። እንጀራውን በማንኪያ ሲያነሣ ይሳቅበታል። እናቱ የ11 ዓመት ልጅ ሰድዳ የምትጠብቀው ያንኑ ልጅ ነው። የመጣላት ግን ሙሉ ሰው ነው፤ የሚወደውን ምግብ አታውቅም፤ የሚያስቀውን አታውቅም። ሁለቱም እንደ አዲስ መተዋወቅ ነበረባቸው። ይህን ተረድተው የታገሡ ቤተሰቦች ልጃቸውን አግኝተዋል። ያልታገሡት ግን ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ እያለም ናፍቀውት ኖረዋል።

ዛሬ ለሚልኩ እናቶች

ዛሬም ልጆቻቸውን በነፃ የትምህርት ዕድል ወይም በዘመድ እገዛ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ እናቶች አሉ። ስልኩ ቀርቧል፤ ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር ተችሏል። ነገር ግን በየቀኑ ደህና ነኝ መባባል በየወሩ ደህና ነኝ ብሎ ከመጻፍ የሚለየው በብዛቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ከደሴቷ ልጆች ኑሮ በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ልጅ ከመሄዱ በፊት በእናቱ ቋንቋ አጥርቶ ማንበብና መጻፍ ይቻል። ልብሱን ማጠብ፣ ቁልፍ መትከል፣ ቀላል ምግብ ማብሰል ወንዱም ሴቷም ይልመዱ። ሴት ልጅ ስለ ሰውነቷ ለውጥ ከእናቷ አፍ ሰምታ ትሂድ። ማንም ሰው ሰውነቷን ያለ ፈቃዷ ሊነካ እንደማይገባው፣ ቢሞክርም ለማን እንደምትናገር ትወቅ። ይህ ምክር ለወንዱም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁ በሚኖርበት ቦታ ኃላፊነት ያለበትን ሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ እናት በእጇ ትያዝ። የፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃው ግልባጭም ቤት ይቀመጥ። መቼ እንደሚመለስ፣ ቢታመም ወይም ትምህርቱ ቢቋረጥ ወጪውን ማን እንደሚችል ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

ሦስተኛ፣ ስንነጋገር ደህና ነህ ወይ ብቻ አንበል። ዛሬ ምን በላህ፣ ከማን ጋር ተቀመጥህ፣ ምን ከበደህ እንበለው። እኛም የቤቱን ነገር እንንገረው። የበር ቀለም መለወጡን፣ የጎረቤት ልጅ መዳሯን፣ የተወደደውንና የረከሰውን እንንገረው። አልተመቸኝም ሲል ደግሞ ስንት ሰው ይህን ዕድል አጥቶ ብለን አፉን አናስዘጋው።

አራተኛ፣ ሞት ቢመጣ አንደብቅ። በአካባቢው ያለ አገር ሰው፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት ፈልገን፣ ያ ሰው በአጠገቡ ባለበት ሰዓት ይነገረው። እርሱ እዚያ ሲያለቅስ እኛም እዚህ እያለቀስን እንስማው።

አምስተኛ፣ ሲመለስ በላክነው ልክ አንለካው። የረሳውን እናስተምረው፤ ያመጣውንም እንማርለት።

ወደ ደሴቲቱ የሄዱት ልጆች ሲያድጉ የኩባ ሕዝብ ካለው አካፍሏቸዋል። ይህ ውለታ አይረሳም። እናቶቻቸውም በሌላቸው አቅም የቻሉትን አድርገዋል፤ ባልተማሩት ፊደል ጽፈዋል፤ ባላዩት አገር ልጅ ናፍቀዋል። ለእነርሱ ያልተሟላላቸው ነገር ለእኛ ዛሬ በእጃችን አለ። ዛሬ ማታ ልጇ በውጭ አገር ያለባት እናት ስልኩን ስታነሣ አንድ እውነተኛ ነገር ትንገረው፤ እርሱም አንድ እውነተኛ ነገር እንዲነግራት ዕድል ትስጠው።